ሌሊቱን የሚያውቁ ረቂቃን ተሕዋስያን



ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታት ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ውኃ ዳር ይወርዳሉ። ድንኳን ተተክሎ ካህናቱ ማኅሌት ይቆማሉ፤ ምእመናኑም ሌሊቱን በጸሎትና በዝማሬ ያነጋሉ። በደጋ የሚያድር ሰው የሚጠነቀቀው ለብርዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለችው በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ግን የሌሊቱ ጠላት ትንኝ ናት።

ቤተ ክርስቲያናችን ዕለቱን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍላ፣ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ፈጣሪያችንን እንድናመሰግን ሥርዓት ሠርታልናለች። ሰዓትን መጠበቅ ግን የሰው ብቻ አይደለም። ዶሮ ሌሊቱን ለይቶ ይጮኻል፤ አበባም ከፀሐይ ጋር ይከፈታል። የሳይንስ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የተጠራጠሩት በባክቴሪያ ነበር። አንዲት ባክቴሪያ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ለሁለት ትከፈላለችና፣ ከማታ እስከ ጧት የማትቆይ ፍጥረት 24ቱን ሰዓት እንዴት ትቆጥራለች? ይሉ ነበር።

ጃፓናውያኑ ታካኦ ኮንዶና ማሳሂሮ ኢሺዩራ፣ ከአሜሪካውያኑ ካርል ጆንሰንና ሱዛን ጎልደን ጋር ሆነው ጥያቄውን መረመሩት። በውኃ ውስጥ የምትኖረውንና እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግቧን የምታዘጋጀውን ባክቴሪያ መርጠው፣ ብርሃን የሚያመነጭ ዘረ መል አገቡባት። እ.ኤ.አ. በ1993 እንደገለጹት፣ የቀንና የሌሊት መፈራረቅ በሌለበት ቦታ እንኳ የባክቴሪያዋ ብርሃን በየ24 ሰዓቱ ይደምቅና ይደበዝዝ ነበር። በ1998 ሰዓቷን የሚመሩትን ሦስት ዘረ መሎች አግኝተው «ካይ» አሏቸው፤ በጃፓንኛ ዑደት ማለት ነው። በ2005 ደግሞ የኮንዶ ባልደረቦች ከእነዚህ ዘረ መሎች የሚሠሩትን ሦስት ፕሮቲኖች ኃይል ሰጪ ከሆነ ንጥረ ነገር ጋር በመስታወት ብልቃጥ ቢያዋሕዷቸው፣ ሕይወት በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ የ24 ሰዓቱ ዑደት ቀጠለ። ሙቀቱ በመጠኑ ቢለዋወጥም ዑደቱ አልተዛባም።

ይህ ለባሮ ዳርቻ ነዋሪ ምን ይነግረዋል? በጋምቤላ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የዝሆኔ በሽታ አለ። መነሻው ፊላሪያ የሚባል ክር መሰል ትል ነው። ትሉ ባክቴሪያ ባይሆንም፣ በውስጡ የሚኖረው ቮልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ከሌለ በሚገባ መራባት አይችልም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ በቻይና ሲያገለግል እንዳስተዋለው፣ የትሉ እጮች ቀን ከሕሙማን ደም ይሰወራሉ፤ ሌሊት ግን ይበዛሉ። በብዛት የሚገኙትም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ይኸውም ትንኟ ደም ፍለጋ የምትወጣበት፣ እኛም በማኅሌት የምንቆምበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በቀን በተወሰደ ደም ትሉን ያጡ ሐኪሞች፣ በሌሊት በተወሰደው ያገኙት ነበር። ዛሬ በቀንም የሚያሳይ ፈጣን መመርመሪያ ተገኝቷል።

እንግዲህ በሽታው መንገድና ሰዓት ያለው ነው እንጂ መርገም አይደለም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥፋቱን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም፤ በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ ላከው እንጂ። እኛስ እግሩ ያበጠውን ወንድማችንን ከማኅበርና ከማዕድ የምንለየው በምን ሥልጣን ነው? ይልቁን ውኃና ሳሙና እናቅርብለት። ያበጠ እግር በየቀኑ ታጥቦ በሚገባ ሲደርቅ፣ በተሰነጠቀው ቆዳ የሚገባው ባክቴሪያ የሚያመጣው ትኩሳትና ሥቃይ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኢቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል የተባሉትን መድኃኒቶች ለሕዝብ በጅምላ ማደል በሀገራችን የተጀመረው በጋምቤላ ነበር። መድኃኒቱ ሲታደል «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም፤ ሕመም የማይሰማው ሰውም እጮቹን በደሙ ሊይዝ ይችላልና። በወንዝ ዳር የምናድር ሁሉ ክንዳችንንና እግራችንን በነጠላችን እንሸፍን፤ ሕፃናትንም አጎበር ውስጥ እናስተኛ።

ትንኝም ትልም ሰዓታቸውን ያውቃሉ። ነቅቶ እንዲጠብቅ የታዘዘው የሰው ልጅ ከእነርሱ ያነሰ አይሁን። በዓሉን የሰላምና የጤና ያድርግልን፤ አሜን።