የቨርጂንያ ቲኬት፣ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ

ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ፦ ከጀርመንታውን ተነስቶ 270ን ይዞ፣ በቤልትዌይ አድርጎ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለስብሰባ አሌክሳንድሪያ የማይወርድ ሐበሻ ጥቂት ነው። ወንዙን ሲሻገር ሰሌዳውም መንጃ ፈቃዱም የሜሪላንድ እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ ሕጉ ግን ይለወጣል። ይህን የምናስታውሰው ደግሞ የፖሊሱ መብራት ከኋላችን ሲያብረቀርቅ ነው።

«ተወው፣ የሌላ ስቴት ቲኬት እዚህ አይደርስም» የምትል ምክር በየካፌው አትጠፋም። ምክሯ ቤት ታፈርሳለች! ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያና ዲሲ አሽከርካሪን በሚመለከቱ ሁለት የስቴቶች ስምምነቶች ታስረዋል። በአንደኛው ፍርዱ ለመኖሪያ ስቴታችን ይነገራል፤ በሌላው ደግሞ ለቲኬቱ መልስ ያልሰጠ ሰው መልስ እስኪሰጥ መንጃ ፈቃዱን የራሱ ስቴት ያግድበታል። ታክሲና ኡበር ሲነዳ ለሚያድር ወገናችን መንጃ ፈቃድ የልጆቹ እንጀራ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ወረቀቱን ሳያነቡ «ከፍዬ ልገላገል» ማለት ነው። በቨርጂንያ ከተፈቀደው በላይ 20 ማይል የጨመረ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል ያለፈ ሰው የሚከሰሰው በተራ ፍጥነት አይደለም። «ሬክለስ ድራይቪንግ» ይባላል፤ ወንጀል ነው። በ55 መንገድ ላይ 75 መንዳት ይበቃል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ተይዘህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው ከመክፈሉ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል። ፖሊሱ ፈርም ሲል መፈረም «አጥፍቻለሁ» ማለት አይደለም፤ «በቀጠሮዬ እቀርባለሁ» ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ ወገናችን ቀጠሮውን ለምን ይሸሻል? ባደግንበት አገር የትራፊክ ነገር ብዙውን ጊዜ እዚያው አስፋልቱ ዳር በልመና ወይም በእጅ መንሻ ያልቃል። ፍርድ ቤት ሰው ተይዞ የሚወሰድበት እንጂ በገዛ እግሩ የሚሄድበት ቦታ አይመስለንም። በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት በሠራንባቸው ዓመታት ጠረጴዛችን ላይ ይደርስ የነበረው የፍርድ ቤት ዜና በአብዛኛው «ተፈረደበት» የሚል ነበር፤ «ተከራክሮ ረታ» የሚል እምብዛም አይመጣም።

የቨርጂንያ ሰዎች ያደረጉትን እንመልከት። በጁላይ 2007 ስቴቱ በከባድ የትራፊክ ጥፋት ላይ ከ750 እስከ 3,000 ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ጣለ። ክፍያው የቨርጂንያን ነዋሪ ብቻ ስለሚመለከት፣ በአንድ መንገድ ላይ አብረው ከተያዙት የአሌክሳንድሪያው ሲከፍል የሲልቨር ስፕሪንጉ ይድን ነበር። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፤ በሄንራይኮ የተከሰሰ አሽከርካሪ ጉዳይ በኦገስት ዳኛ ፊት ቀርቦ ዳኛው ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። በማርች 2008 ሕጉ ተሻረ። ነገሩ የጀመረው ከቲኬት ነው!

እንግዲህ ቲኬት የደረሰው ወገን መጀመሪያ የክሱን ስም፣ የፍርድ ቤቱን ቦታና ቀኑን ያንብብ። እንግሊዝኛው የሚከብደው ከቀጠሮው ቀደም ብሎ አስተርጓሚ ይጠይቅ። የመንዳት ታሪኩን የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ፤ የመኪናው ፍጥነት መቁጠሪያ አጠራጣሪ ከሆነም አስመርምሮ ማስረጃውን ያቅርብ።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ለአገራችን የሕግ የበላይነት በየአደባባዩ የምንጮህ ሰዎች፣ እዚህ ዳኛው ስማችንን ሲጠራ አቤት ብለን መቆም አለብን።