ሳንፎርድ፣ ዊንጌት፣ ቸርችል... እኔስ በማን ስም ልጠራ?

የአዲስ አበባ ልጅ በቀን ስንት የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም እንደሚጠራ አስቦት አያውቅም። የታክሲ ረዳቱ «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ይጮሃል። ጓደኛሞች «ቸርችል ላይ እንገናኝ» ይባባላሉ። እዚህ እኛ ሰፈር ቀበና ደግሞ ሳንፎርድ ትምህርት ቤት አለላችሁ። ሦስቱም የሰው ስም ናቸው። ግን የሰውየው የራሱ ስም አይደሉም፣ የአባቱም መጠሪያ ስም አይደሉም። ፈረንጆቹ «ሰርኔም» የሚሉት፣ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የቤተሰብ ስም ነው።

ነገሩን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። አንዲት የቀበና ልጅ በቅርቡ ያማከረችኝ ጉዳይ ስላለ ነው። እጮኛዋ ለንደን ነው የሚኖረው። ሠርጉ ሲቃረብ «ስንጋባ በኔ ሰርኔም ነው የምትጠሪው፣ የዚህ አገር ወግ እንዲህ ነው» ይላታል። እሷ ደግሞ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ብቻውን ያሳደጋት አባቷ ነው። «የአባቴን ስም ወዴት ልጣለው?» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። በዚህ የተነሳም ሁለቱ ተኳርፈዋል።

እስቲ መጀመሪያ ሰርኔም የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ እንይ።

እንግሊዞችም ድሮ እንደኛው ነበሩ። አንድ ሰው አንድ ስም፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ ባለርስቶቹ በመሬታቸው ስም መጠራት ጀመሩ፣ ልጆቻቸውም ስሙን ከመሬቱ ጋር ወረሱ። ለተራው ሕዝብ ነገሩ የደረሰው ቀስ እያለ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በነፍስ ወከፍ ግብር የሚያስከፍሉት ሰዎች ሲመጡ «ጆን» ብቻ ማለት አያዋጣም፤ በመንደሩ ስንት ጆን አለ! ስለዚህ የትኛው ጆን? ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ የሪቻርድ ልጅ፣ አጭሩ... በ1538 ደግሞ ቄሶች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፉ ታዘዙ። መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም እንግዲህ በቀላሉ አይለወጥም።

አሁን የኛዎቹን ሦስቱን እንፍታቸው። «ሳንድ» አሸዋ ነው፣ «ፎርድ» ደግሞ ወንዝ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ፣ እኛ መልካ የምንለው። ሳንፎርድ ማለት የአሸዋ መልካ ማለት ነው። (ኦክስፎርድም የበሬ መልካ መሆኑ ነው።) ከእንጦጦ በሚወርደው በቀበና ወንዝ አጠገብ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀበና ራሱ እኮ በኦሮምኛ ቅዝቃዜ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ስሙን ያገኘው ከመሥራቿ ከክርስቲን ሳንፎርድ ነው። ባለቤቷ ዳንኤል ሳንፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. 101 የተባለውን ቡድን መርቶ ጎጃም የገባው፣ ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ጣሊያንን የተዋጋው ሰው ነው። ልብ በሉ፣ ክርስቲንም በባሏ ስም ነው የምትታወቀው።

ዊንጌትስ? ነፋስ በክፍተት መሃል ሰንጥቆ የሚያልፍበት በር ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ ነፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለን አይደል? ቁርጥ እሱን! ቸርችል ደግሞ ሲተረጎም የቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ነው። በኛ ግን «ደብር» የሚለው አንድ ቃል ተራራም ቤተ ክርስቲያንም ነው፤ እንግሊዞቹ በሁለት ቃል የደከሙበትን ግዕዝ በአንድ ጨርሶታል።

በሙያ የወጡትም አሉ። በእንግሊዝ አገር ከሁሉም በዝቶ የሚገኘው ሰርኔም ስሚዝ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ። እኛ አገር ቀጥቃጩን ማረሻና ጦር እያሠራን፣ ዘወር ብለን «ቡዳ» እያልን ስንሰድበው ኖረናል። ማን ደፍሮ ያን ስም ለልጁ ያወርሳል?

ከሁሉ ለኛ የሚቀርበው ግን ጆንሰን ነው፣ የጆን ልጅ። የመጀመሪያው ጆንሰን በእርግጥም አባቱ ጆን ነበር። ስሙ ከረጋ በኋላ ግን አባቱ ፒተር የሆነውም ልጅ «የጆን ልጅ» ተባለ። የኛ ሰው ውጭ ሲወጣ የሚደርስበትም ይኸው ነው። ፓስፖርቱ ላይ በሰርኔም ቦታ ብዙ ጊዜ የአያት ስም ይገባል፤ ልጁ ሲወለድም ያው ስም ይቀጥላል፣ የአባትየው ስም ግን ከሰንሰለቱ ይወድቃል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ያሸንፍ በነበረበት ዘመን የፈረንጅ ጋዜጦች «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ይሉ ነበር። አባትየው ናቸው እንዴ የሮጡት?

ሕጋችን የቤተሰብ ስም አያውቅም እንዳትሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው «የቤተ ዘመድ ስም» እንዲኖረው ያዛል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸውና አይገርምም። ሕዝቡ ግን በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን አልተወም። መዝገብ ነው ስምን የሚያረጋው ብለናል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። እዚያው የ1952ቱ ሕግ ውስጥ ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች ትቀጥላለች የሚልም አለ። ይሄኛውን ሳይነገረንም ስንሠራበት ኖረናል።

ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። እጮኛሽ ወግ ነው ያለው እውነቱን ነው፤ ግዴታ ነው ካለሽ ግን ተሳስቷል። የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ስሟን እንድትለውጥ አያስገድድም። ደግሞ እኮ እሱ «የኔ ሰርኔም» የሚለው የአያቱን ስም ነው፣ ያሳደገውን የአባቱን ስም እንኳ አይደለም! ይህን ረጋ ብለሽ ንገሪው፤ በኩርፊያ አይሆንም። የልጁን ነገር ግን አሁኑኑ ተነጋገሩበት፤ እዚያ አገር ልጅ ሲመዘገብ ሰርኔሙን የሚመርጡት ወላጆቹ ናቸው፣ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ክርክር አያምርም። የሱን ስም ቢሰጡት፣ የአባትሽን በመካከል ማስገባት ትችላላችሁ።

እስከዚያው የልደት ምስክር ወረቀትሽን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽንና ፓስፖርትሽን ጎን ለጎን አስቀምጪና የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ አስተያዪ። የአያትሽ ስም ገብረ ወይም ወልደ ያለበት ከሆነ እንደ አንድ ቃል ተያይዞ መጻፉን እዪ፤ ከተነጣጠለ እዚያ «ሚስ መድኅን» ብለው ይጠሩሻል። ማስተካከያውን ደግሞ እዚሁ ሳለሽ ጨርሺው።