ጋሊ ጌይ፣ ሼን ቴ እና የከምባታዋ ምራት

አንድ ጫኝና አውራጅ ለሚስቱ ዓሣ ሊገዛ ከቤቱ ይወጣል። በዚያው ይቀራል፤ ሞቶ ወይም ታስሮ ሳይሆን ሌላ ሰው ሆኖ። ስሙ ጋሊ ጌይ ነው፣ ደራሲው ቤርቶልት ብሬኽት። «ሰው ያው ሰው ነው» የተባለው ይህ ተውኔት መጀመሪያ የታየው በ1926 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ነው። ብሬኽትን በሌላ በኩል ታውቁት ይሆናል፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እናት ዓለም ጠኑ» መነሻው የእሱ ሥራ ነው። ዛሬ ግን «እኔ» ስለምንለው ነገር ያሰበውን ላወራችሁ ጓጉቻለሁ። ሐሳቡን ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ኑሮ ጎን ስታስቀምጡት ደግሞ እጅግ ይጠራል።

የጋሊ ጌይን ነገር ልጨርስላችሁ። ሕንድ የሰፈሩ አራት የእንግሊዝ ወታደሮች ቤተ ጣዖት ሲዘርፉ አንደኛው፣ ጄራያ ጂፕ፣ እዚያው ይቀርባቸዋል። ስም ሲጠራ አንድ ሰው ከጎደለ ጉዳቸው ይፈላል። ስለዚህ «እምቢ» ማለት የማይሆንለትን ምስኪን ያገኙና የውሸት ዝሆን ያሸጡታል፤ መልሰው አጭበርባሪ ብለው ይከሱታል፣ ሞትም ይፈርዱበታል። ሊረሽኑት ሲያስመስሉ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሲነቃ «አንተ ጄራያ ጂፕ ነህ» ይሉታል። ከዚያ የሚመጣው ትዕይንት ዘወትር ያስደነግጠኛል፦ ሰውየው ሬሳ ሣጥን ፊት ቆሞ ስለ ሟቹ ጋሊ ጌይ፣ ማለትም ስለ ራሱ፣ የቀብር ንግግር ያደርጋል። ሚስቱ ፈልጋው ስትመጣም አላውቅሽም ብሏታል። እውነተኛው ጂፕ መጨረሻ ላይ ብቅ ሲል የጋሊ ጌይን ወረቀት ሰጥተው ይሸኙታል።

ብሬኽት ሊለን የፈለገው ምንድን ነው? በሰው ውስጥ ከልደት እስከ ሞት የማይነካ አንድ ጠጣር ፍሬ አለ የሚለውን እምነት ይጠራጠራል። ሰው በስሙ፣ በሥራው፣ በሚጠሩትና በሚያዙት ሰዎች መካከል የሚሠራ ነገር ነው ይላል። መለወጥ ደግሞ ለእሱ ነውር አይደለም። በአንዲት አጭር ታሪኩ ውስጥ አቶ ኮይነር የተባለውን ሰው አንድ የድሮ ትውውቁ «ምንም አልተለወጡም» ሲለው ፊቱ ይገረጣል። እኛ እንዲህ ስንባል ደስ ብሎን ፈገግ እንላለን!

አሁን ወደ ከምባታ ልውሰዳችሁ። በዚያ «ባሊሻ» የሚባል ነባር ልማድ አለ፤ ተቀራራቢው በሀዲያና በሲዳማም ይታወቃል። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። እዚህ ድረስ በሌላም የአገራችን ክፍል ያለ አክብሮት ነው። ባሊሻ ግን ከዚህ ይሻገራል፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ማንኛውም ቃል ከአፏ አይወጣም። በአማርኛ ብናስበው፣ የባሏ አባት በቀለ ከሆኑ በግ፣ በር፣ በሬ፣ በርበሬ ማለት ቀረ። «በሩን ዝጋው» ለማለት ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። አንዳንዱን ቃል በሴቶቹ ዘንድ በተለመደ ምትክ ትለውጠዋለች፤ ሌላውን ከጎረቤት ቋንቋ ትዋሳለች፤ ሳይገኝ ሲቀር ነገሩን ዞራ ትገልጸዋለች። ትምህርትና የፕሮቴስታንት እምነት ሲስፋፋ ልማዱ እየሳሳ መጥቷል፤ ትልልቆቹ እናቶች ዘንድ ግን ይታወቃል።

ብሬኽት ይህን ቢሰማ በደስታ ይዘል ነበር ብዬ አምናለሁ። ትዳር የሴትየዋን አድራሻ ብቻ ሳይሆን አፏን ለወጠው፤ «ማን ነሽ?» ለሚለው መልሷ በየዓረፍተ ነገሩ ይሰማል። ሆኖም ከጋሊ ጌይ ጋር አንድ አይደለችም፤ ልዩነታቸው ላይ ነው ልቤ የሚቆመው። ጋሊ ጌይ አዲሱን ማንነት ሲቀበል አሮጌውን ቀበረ። ምራቲቱ የምትሸሸውን ቃል በደንብ ታውቀዋለች፤ ካላወቀችው ልትሸሸው አትችልም። ሁለቱን ይዛ፣ እየመረጠች ነው የምትናገረው። ጫናው እውነተኛ ነው፣ እሱን አልክድም፤ የአማቶቿን ስም ጣጣ ሁሉ የምትሸከመው እሷ ናት። ብልሃቱም ግን የእሷ ነው።

ሁለትነትን ብሬኽት ራሱ በኋላ በሌላ ተውኔት አነሳው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ የጀርመን ፓርላማ በተቃጠለ ማግስት፣ የካቲት 28 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. አገሩን ጥሎ ወጣ። በስደት ከጻፋቸው አንዱ በ1943 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ የታየው «የሴዝዋኑ ደግ ሰው» ነው። ሦስት አማልክት ደግ ሰው ፍለጋ ይመጣሉ፤ የምታሳድራቸው ሼን ቴ የምትባል ሴተኛ አዳሪ ብቻ ሆና ትገኛለች። በሰጧት ገንዘብ ትንሽ የትምባሆ ሱቅ ትከፍታለች። ወዲያው ዘመድ አዝማድ፣ ዕዳ ጠያቂ፣ ለማኝ ሱቁን ይሞላዋል። ልትከስር ስትል የወንድ ልብስ ለብሳ ጨካኙን የአጎት ልጅ ሹይ ታን ሆና ትመጣለች፤ እሱ ያባርራል፣ ይደራደራል፣ ፋብሪካም ይከፍታል።

የሼን ቴ ጣጣ እኛም ዘንድ አለ። ከሆሳዕና አካባቢ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ላቡን አጠራቅሞ የተመለሰ አንድ ሰው ሱቅ ሲከፍት አስቡት። አጎት ዱቤ ይጠይቃል፣ የአክስት ልጅ ሥራ ይፈልጋል፣ ሐዘንና ሠርጉ መዋጮ ይጠብቃል። እምቢ ካለ የወገን ሰው አይባልም፤ እሺ ካለ መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። «ሒሳቡን የሚይዘው ሸሪኬ ነው፣ እሱን ጠይቁት» የሚል ሁሉ የራሱን ሹይ ታ ፈጥሯል። ብሬኽት ጥፋቱን በሼን ቴ ላይ አይጥልም። ደግ ሆኖ መኖር የማያስችል ኑሮ ሰውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል ነው የሚለው።

ብሬኽት ግማሹን በትክክል አይቷል፤ ኑሮ እንዴት ሰውን እንደሚሠራ ከእሱ በላይ ያሳየኝ ጸሐፊ የለም። የተሠራው ሰው መልሶ የሚሠራውን ግን፣ የከምባታዋን ምራት ብልሃት፣ በጋሊ ጌይ ውስጥ አላገኘሁትም። በሼን ቴ ታሪክ ወደዚያ ተጠግቷል፤ ለዚህም ይመስለኛል ተውኔቱን ሳይዘጋ መፍትሔውን ተመልካች እንዲፈልግ የጠየቀው። ሁለቱንም ተውኔቶች አንብቡ። ከምባታ ውስጥ አያት ያላችሁ ደግሞ ከንባቡ በፊት ስለ ባሊሻ ጠይቋቸው፤ የትኛውን ቃል በምን ይተኩት እንደነበር እየጻፋችሁ ያዙ።