ከሽግግር በኋላ የትኛው ሰርቨር ወደ ዶሜይን ይግባ?

ወደ አዲስ ዶሜይን ስንሸጋገር ሰርቨሮችን ሁሉ ጠቅልለን ለማስገባት እንቸኩላለን። ሆኖም ዶሜይን የጋራ ቁልፍ ነው፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሁሉንም በር ይከፍታል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ጥያቄዎች እናቅርብ። ተጠቃሚዎች በዶሜይን መለያቸው ይገለገሉበታልን? የፋይልና የኅትመት ሰርቨሮች እንዲህ ናቸውና ይግቡ። ዶሜይኑ ቢወድቅ መልሶ የሚያነሣው እርሱ ነውን? የመጠባበቂያ ቅጂ ሰርቨር እንዲህ ነውና በራሱ መለያና የይለፍ ቃል ከውጭ ይቆይ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት የመርስክን የዶሜይን መቆጣጠሪያዎች ሲያጠፋ፣ የተረፈው ጋና ውስጥ መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርኩ የተቋረጠው አንዱ ብቻ ነበር። ድርጅቱን አጋጣሚ አዳነው፤ እኛ ግን ያንን መነጠል አስቀድመን በውሳኔ እናድርገው።