የተተኮሰ እርሳስ ወዴት ይሄዳል?

እርሳስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የምንጽፍበትን እንጨት ነው። ዳሩ ግን በዚያ እንጨት ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት እንጂ እርሳስ አይደለም። እውነተኛው እርሳስ ከብረት የከበደ፥ ነገር ግን በቢላዋ የሚቈረጥ ለስላሳ ማዕድን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ማዕድን ከጠመንጃ አፍ ከወጣ በኋላ እንዴት ተለቅሞ እንደገና ለሥራ እንደሚውል፥ በምንስ ጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባው ነው።

አባቶቻችን ጥይትን በከንቱ አይጥሉም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጥይት ፍሬ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ሠራዊቱ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ የፈረንሳይ ሥራ የሆነው ውጅግራ ሲሆን፥ ዐረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ ነበር። ባዶው ቀለህም ተጠብቆ ባሩድና ዐረር እየተሞላ ዳግመኛ ይተኰስ ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ በእንጦጦ አካባቢ ሴቶች ቀለህ ቀልጦ ከተሠራ ዶቃ የአንገት ጌጥ ያዘጋጃሉ። ቀለህ ግን ናስ ነው፤ የእርሳስ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው።

በዒላማ መለማመጃ ሜዳ ጠመንጃ የሚተኰሰው ወደ ዐፈር ጉብታ ነው። ከጊዜ በኋላ ጉብታው ተቈፍሮ ዐፈሩ በወንፊት ይነፋል። ከዐረሩ ጋር የቀረውን ጠጠር ለመለየት የሚረዳው ክብደት ነው። አንድ ሊትር ስፍራ የሚሞላ እርሳስ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን፥ ያንኑ ያህል ድንጋይ ግን 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እሸት ቡና በውሃ ሲታጠብ ጐደሎው ፍሬ ሰፍፎ ደኅናው እንደሚሰጥም፥ እርሳሱም በሚወርድ ውሃ ውስጥ ወደ ታች ሲቀር ቀላሉ ጠጠር ይወሰዳል።

ከዚያም እርሳሱ ደርቆ ይቀልጣል፤ ለመቅለጥ የሚያስፈልገው 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። የዐረሩ የመዳብ ልባስ በዚህ ሙቀት ስለማይቀልጥና ከእርሳስ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጭልፋም ይገፈፋል። ንጹሑ እርሳስ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ ይረጋል። ለአደን የሚሆኑትን ጥቃቅን ክብ እርሳሶች ደግሞ ዊልያም ዋትስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1782 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባስመዘገበው ብልሃት ይሠሩ ነበር። የቀለጠው እርሳስ ከረጅም ግንብ ላይ በወንፊት ሲንጠባጠብ በአየር ላይ ክብ ይሆናል፤ ከታች ባለው ውሃም ይጠነክራል።

እንግዲህ ነገሩ ቀላል ቢመስልም አደጋው ብዙ ነው። ርጥብ እርሳስ ወደቀለጠው ከተጨመረ ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ የጋለውን እርሳስ በሰው ፊት ላይ ይረጨዋል። ያልተተኰሰ ጥይት ከመካከሉ ቢገኝ ይፈነዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ጢሱና ብናኙ ነው። እርሳስ በደም ገብቶ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አልተገኘም፤ ሕፃናትም ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ሰው አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለሚዛን ተፈሪ፥ ለቴፒና ለሸዋ ቤንች ሰው የራቀ አይደለም። አገራችን ዝናም የሚበዛባት ናት፤ ቀይ ዐፈሯም በብዙ ስፍራ አሲዳም ነው። እንዲህ ባለ ርጥብና አሲዳም መሬት የተቀበረ እርሳስ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ጥቂት በጥቂትም እየሟሟ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ምድር የተኩስ ሜዳ ቢኖር እርሳሱ ቶሎ ቶሎ መለቀም አለበት። ገበሬ አሲዳም ማሳውን የሚያክምበት ኖራ በሜዳው ላይ ቢበተንም እርሳሱ እንዳይሟሟ ያግዛል።

ከጥይት ይልቅ በየከተማው ለእጃችን የሚቀርበው ግን የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስ ነው። በዓለም ካለው እርሳስ ከአምስት እጅ አራቱ የሚውለው ለባትሪ ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ባትሪ በግቢያችን አንፍታ፤ እርሳስም እናታችን በምታበስልበት ምድጃና ድስት አናቅልጥ። እርሳስ የነካ እጅ ከመብል በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ። ያልተተኰሰ ጥይት ያገኘ ተማሪም ሳይነካ ለፖሊስ ያመልክት።

እርሳስ መቶ ጊዜ ቢቀልጥ ያው እርሳስ ነው፤ ስለዚህ መጣሉ ኪሳራ ነው። ሥራው ግን የአየር መውጫ፥ የአፍና የአፍንጫ መከለያ፥ የሠለጠነ ሠራተኛም ባለበት ስፍራ ይሁን።