ሲፓፕና በአፍ የሚያመልጠው አየር

ሲፓፕ ውለታው ያልተነገረለት መሣሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ሲድኒ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከማስተዋወቃቸው በፊት፣ ሌሊት ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ክፉኛ ለሚቋረጥ ሰው የነበረው አስተማማኝ ሕክምና አንገቱን በስቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነበር። ዛሬ ያው ሰው ራስጌው ላይ ትንሽ ሣጥን አስቀምጦ ተኝቶ ያድራል።

አሠራሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሞተሩ የክፍሉን አየር ስቦ በቱቦና በጭምብል ወደ አፍንጫ ይነፋል፤ ግፊቱ የላላውን ጉሮሮ ከፍቶ ያሳድራል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሚነፋው ኦክስጅን አይደለም። ግፊቱም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ተብሎ ይለካል። 10 ላይ የተስተካከለ መሣሪያ የሚጨምረው ግፊት በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 1 በመቶ ገደማ ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተከቶ ማየት ያሳዝነኛል። ምክንያቱን ስትጠይቁ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሳይነሴን ቀሰቀሰብኝ»፣ «ጆሮዬን ደፈነኝ»። ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ አንድ የማከብራቸው ጋሼ እንዲሁ አሉኝ። «ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሱ አፍዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ተወኝ እባክህ! ክው ብሎ ይደርቃል፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል» አሉ። «አየሩን የሚያረጥበው ውሃስ?» ስላቸው «እሱን ትቼዋለሁ፤ ማጠቡ ሰለቸኝ» አሉኝ። መሣሪያውን አስወጥተን አየነው። የውሃው ዕቃ ደርቆ ግርጌው ላይ ነጭ የኖራ ቀለበት ሠርቷል። የጋሼ አፍንጫ ለምን እንደታፈነ እነዚያ ሁለት መልሶች ነገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፍንጫችን የምንስበውን አየር እያሞቀና እያረጠበ ወደ ሳንባ ይልካል፤ ጥልቁ የሳንባ ክፍል ሲደርስ አየሩ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በእንፋሎት የተሞላ ነው። ይህ እርጥበት የሚወጣው ከአፍንጫ ሽፋን ነው። ስንተነፍስ ደግሞ እርጥቡ አየር በዚያው በአፍንጫ ሲመለስ፣ የድስት ክዳን እንፋሎቱን ይዞ ወደ ወጡ እንደሚያንጠባጥበው ሁሉ፣ ቀዝቀዝ ያለው የአፍንጫ ሽፋን ከእንፋሎቱ ከፊሉን መልሶ ይይዛል። አፍንጫ እየሰጠም እየተቀበለም ነው የሚኖረው።

አሁን ተኝተን አፋችን ተከፈተ እንበል። መሣሪያው በአፍንጫ የሚያስገባው አየር ከፊሉ ሳንባ ሳይደርስ በላንቃ ዞሮ በአፍ ያመልጣል። መሣሪያው ግፊቱን ላለማጣት ይበልጥ ይነፋል። በዚህ ጊዜ አፍንጫ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት እየሰጠ የሚመለስለት ነገር ያጣል። ሽፋኑ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ሰውነት ሊያሞቀው ደም ይልካል፤ ደም የሞላው ሽፋን ያብጣል፤ ያበጠ አፍንጫ ይታፈናል። አፍንጫው የታፈነ ሰው ደግሞ አፉን የበለጠ ይከፍታል። ጠዋት «ሳይነስ» ተብሎ የሚወገዘው ብዙ ጊዜ ይህ አዙሪት ነው።

ይህ የግል ግምቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የሲድኒ ተመራማሪዎች፣ ራሱ ሱሊቫን ያለበት ቡድን፣ ጤነኛ ሰዎች ሲፓፕ አድርገው ሆን ብለው በአፋቸው አየር እንዲያስወጡ አደረጉ። አፍንጫቸው ለአየር ማለፊያ እየጠበበ ሄደ። አየሩ በሞቀ ውሃ ላይ አልፎ እንዲገባ ሲደረግ ግን ጥበቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ማሳለፉ ብዙም አልጠቀመም። ስለዚህ የመሣሪያውን የውሃ ማሞቂያ አጥፍቶ ውሃውን ብቻ መሙላት በቂ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው አየሩ በአፍ እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ጠዋት ምን ያህል አየር እንደሾለከ በማያ ገጻቸው ያሳያሉ፤ እሱን የማየት ልማድ ይኑርዎት። አገጭን የሚይዝ ማሰሪያ የሚረዳው ሰው አለ፤ ሌላው አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍን ጭምብል ያስፈልገዋል። ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሆኖ ከሆነ ደግሞ የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው። ሐኪም ሳይጠይቁ አፍ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ግን አፍንጫው ለታፈነ ሰው አደጋ አለው።

ሁለተኛው እርጥበቱ ነው። የውሃው ዕቃ በየቀኑ ታጥቦ አዲስ ውሃ ይሞላበት፤ ተመራጩ ዲስቲልድ ውሃ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ቪክስ ወይም ሽቶ የሚጨምሩበትን ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ! የዘይቱ ተን ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃውንም ያበላሻል። ቡና ሲፈላ እጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥም መሣሪያው ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ማጣሪያው ጭሱንና ሽታውን ሁሉ አያስቀርም። ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ፊት ላይ ቢንጠባጠብ ሙቀቱን ከማጥፋት ይልቅ ቱቦውን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ መሣሪያውንም ከራስ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር መሣሪያውን ይዞ በበጋ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው የእርጥበቱን መጠን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት ውሃውን ይድፉት፤ ሞተሩ ውስጥ ከገባ መሣሪያውን ይገድለዋል።

ወደ ጆሮ ልምጣ። ከመሃል ጆሮ ተነሥቶ ከአፍንጫ ጀርባ የሚደርስ፣ በአዋቂ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ቱቦ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል። ጭምብል አድርገን ስንውጥ ግፊት ያለው አየር ሽቅብ ገብቶ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጆሮ ጧ ይላል ወይም ይደፈናል። ብዙ ጊዜ ጭምብሉን አውልቆ ምራቅ መዋጥ ይበቃዋል። አፍንጫ ሲያብጥ ግን የቱቦው አፍም አብሮ ስለሚያብጥ የገባው አየር መውጫ ያጣል። የተደፈነ ጆሮ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ስለ አፍንጫ መርጫ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንደ ኦትሪቪን ያሉት ወዲያው የሚከፍቱ መርጫዎች ለጥቂት ቀን ብቻ የታሰቡ ናቸው። ከአምስት ቀን በላይ ሲነፏቸው አፍንጫው ራሱ መድኃኒቱን ለምዶ፣ በተቋረጠ ቁጥር ከበፊቱ ብሶ ይታፈናል። ለወራት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ሕመማቸውን እየመገቡት ነው። ለአለርጂ ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ መርጫ ሌላ ነው፤ እሱ በየቀኑ ተወስዶ ቀስ ብሎ ይሠራል።

አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ጥሩ ልማድ ነው፤ ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ባልፈላ የቧንቧ ውሃ፣ እምብዛም ባያጋጥምም፣ ከአፍንጫ ወደ አንጎል ዘልቆ የሚገድል አሜባ ሊገባ ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት። አዲስ አበባም ጎንደርም ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸው።

ጆሮ ፈሳሽ ካወጣ፣ መስማት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ያለው የፊት ሕመም ካለ፣ ወይም ራስዎን ከተመቱ በኋላ ከአፍንጫ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደ፣ ሲፓፑን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከዚህ ውጪ ያለው የአፍንጫና የጆሮ ችግር አብዛኛው የሚስተካከል ነው፤ ሳይታከም የቀረ የትንፋሽ መቋረጥ ግን የደም ግፊትን ያባብሳል፣ መሪ ላይም ያስተኛል። መሣሪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ የከተታችሁ ሁሉ አውጡት፤ የውሃውን ዕቃ እጠቡ፣ ሙቀቱን አብሩ፣ የሾለከውን አየር ተመልክታችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።