የምራን፣ የጠፍርና የአቁማዳ አያያዝ

በበሬ የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ባለእጅ ይወስደዋል፤ ሞፈሩ ሲሰነጠቅ ይለውጠዋል። ምራኑን ግን እስኪበጠስ ድረስ አያስታውሰውም። ምራን ሞፈርን ከቀንበር አያይዞ የበሬዎቹን ጉልበት የሚያስተላልፍ ጠፍር ስለሆነ፣ የሚበጠሰው ሥራ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ ነው። በዚያ ወቅት አንድ ሁለት ቀን የባከነበት ገበሬ ዘሩ ይዘገይበታል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ስለ እርሻ መሣሪያ ሲያስተምሩ ከቆዳ የተሠሩትንም እንዲጨምሩ እናሳስባለን።

ቆዳን የሚጨርሰው ሥራ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው እንደ ረጠበ ለእሳት ወይም ለጠራራ ፀሐይ መሰጠቱ ነው። ምራንና ጠፍር ብዙውን ጊዜ የሚቆረጡት ካልለፋ የከብት ቆዳ ነው። ውሃ የጠጣ ያልለፋ ቆዳ ሙቀቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ቢዘፈዝፉትም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ደረቅ ቆዳ ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ማታ ከእርሻ የተመለሰ እርጥብ ምራን ምድጃ ዳር ሲሰቀል የሚደርስበት ጉዳት ይኸው ነው። ገበሬው መለኪያ ስለሌለው እጁን ይጠቀም፤ በሚሰቅልበት ቦታ እጁን ማቆየት ካልቻለ ለእሳቱ ቀርቧል ማለት ነው። ከምድጃ በላይ ከፍ አድርጎ ጢስ በሚያገኝበት ቦታ መስቀል የቆየ ልማድ ነው። ጢሱ ብልን ስለሚያርቅ አንነቅፈውም፤ የምንነቅፈው እርጥቡን መስቀል ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ጭቃውን በውሃ ማጠብ፤ የአህያና የበቅሎ ዕቃ ከሆነ ላቡን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ማስለቀቅ። የላብ ጨው ቆዳው ውስጥ ከቀረ እርጥበት ይስባል፤ የደረቀው ጠርዝም የእንስሳውን ጀርባ ይልጣል። ከዚያም ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ዘርግቶ ማድረቅ። ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ገና ቀዝቀዝ እያለ ቅባት መቀባት ይገባል፤ ውሃው እየወጣ ሲሄድ ቅባቱ በቦታው ይገባልና። አጥንት እስኪሆን ጠብቆ የተቀባ ጠፍር ላዩ ብቻ ያብለጨልጫል።

ስለ ቅባቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ጨው ያልነካው የቀለጠ ሞራ በስሱ ቢቀባ ጥሩ ነው። የጉሎ ዘይትም ሳይጠጥር ስለሚቆይ ለምራን ይስማማል፤ ፍሬው መርዝ በመሆኑ ግን ከልጆችና ከከብቶች መራቅ አለበት። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ እንደ ቀለም ስለሚጠጥር አይመከርም፤ ኑግም ወደዚያው ያደላል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ፈጽሞ አይቀባ። ርካሽ መስሎ ቢታይም የበሬውን አንገትና የገበሬውን እጅ የሚጎዱ ነገሮች አሉበት።

አቁማዳና ስልቻ የምግብ ዕቃ ስለሆኑ ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር አንድ ጊዜ የተያዘበት አቁማዳ ለእህል መዋል የለበትም። ቆዳ መድኃኒቱን ይመጠዋል፤ ማጠብም አያወጣውም። እንዲህ ያለውን አቁማዳ ሌላ ቤተሰብ ሳያውቅ እንዳይገለገልበት ቀዶ መቅበር ይሻላል። የሻገተውን ግን ከቤት ውጭ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ አናፍሶ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኮርቻና ጠፍር በጋራ የሚያስቀምጡ ከሆነ መሬት ላይ አይከምሩ። አይጥ ስቡንና ጨዉን ፈልጋ ትመጣለች። ወፈር ባለ ዙር እንጨት ላይ ይሰቀል፤ ቋጠሮውም ይፈታ። በግንቦት እያንዳንዱን ምራን ማጠፍና በተለይ ቋጠሮ የነበረበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ የተሰነጠቀ ምራን ለአጥር ማሰሪያ ይውላል እንጂ ለእርሻ አይውጣ። አዲስ ሲቆረጥም ከቆዳው ጀርባ በኩል ይሁን፤ የሆዱ ቆዳ ስስና ተለጣጭ ስለሆነ ጉልበት አይችልም።